የጂሮና ሦስት ደቂቃ

ከፓሪስ የመጣው ባለ ፎቅ ፈጣን ባቡር ጂሮና ሲቆም፣ ማኤል የአማቷን ከዘራ ይዛ ከደረጃው ግርጌ ቆማ ነበር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ መውረድ አለባቸው። አሮጊቷ ከዘራቸውን ታች ትተው ላይኛው ፎቅ ወጥተው ነበርና፣ አሁን የደረጃውን መደገፊያ የሙጥኝ ብለዋል። ከኋላቸው ሻንጣ የታቀፈ ወራጅ ተሰልፏል።

«ለጉልበትዎ ብዬ ታች ወንበር ያዝኩልዎ። ማን ውጡ አለዎት?»

«አንቺ ላይ ሆነሽ ባሕር ስታዪ፣ እኔ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሐዲድ ዳር ግንብ ላይ ላፍጥጥ?»

ማኤል ከዘራውን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እንደማይደርሳቸው እያወቀች ግን አንድ ደረጃ እንኳ አልወጣችም።

«እንደወጡት ይውረዱ!» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት።

አሮጊቷ መደገፊያውን ለቀቁና ከደረጃው አናት መሃል ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ።

«ምራቴ መጥታ እጄን እስክትይዝ ማንም አይወርድም» አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው። «እኔ እንደሆነ ጣቢያችንን አልፈን ባርሴሎናም ብንሄድ ግድ የለኝም።»

የሰልፈኛው ዓይን ሁሉ ማኤል ላይ አፈጠጠ። የበሩ ደወል ጮኸ። ማኤል ከዘራውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

«ቀስ እያልሽ» አሏት አሮጊቷ እጃቸውን እየዘረጉ፣ «ጉልበትሽን።»