የፋኖሱ ገጽ

«ይህቺን ገጽ ማን ጻፊ አለሽ?» አለ ፕሮዲውሰሩ ደንከን፣ የድርሰቱን የመጨረሻ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

የጠየቃት የድርሰቱን ጸሐፊ ሞርዌና ፕሪቻርድን ነበር። የቆሙት ካርዲፍ በሚገኘው ስቱዲዮ፣ ከእንጨት በተሠራችው የጠፈር መርከብ ወለል ላይ ነው፤ ከራሳቸው በላይ አሮጌው ፋኖስ ተንጠልጥሏል። «ባለፋኖሷ መርከብ» በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረች ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው። በድራማው ውስጥ አንዱ ካፒቴን ተሰናብቶ በሌላ በተተካ ቁጥር ፋኖሱ ይጠፋል፤ ዳግመኛ የሚበራባትን የመጨረሻዋን ገጽ የሚጽፈው ደግሞ ተከታታዩን ድራማ የሚረከበው አዲሱ ዋና ጸሐፊ ነው። ይህ ወግ ተጥሶ አያውቅም።

«የስንብቱን ክፍል ጻፊ ስትለኝ ርክክቡ ለእኔ መስሎኝ ነዋ!»

«ውዴ፣ አንቺ እኮ ምሰሶአችን ነሽ። ምሰሶ ደግሞ ከቦታው አይነቀልም።» ፈገግ አለ። «ገጿን የሚጽፈው ሩፐርት ነው።»

«ያ የፖሊስ ድራማ ጸሐፊ? ለመሆኑ መርከቧን አይቷት ያውቃል?»

«ሰሞኑን ጥቂት ክፍሎች አያለሁ ብሏል።»

ደሟ ፈላ። በስዋንሲ ከተማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከአባቷ ጋር ዓሣና የድንች ጥብስ እየበላች ይህችን መርከብ ስትጠብቅ ያደገች ናት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሌሎችን የተሰባበረ ድርሰት ስትጠግን ኖራለች፤ የጠገነችውም ሁሉ በሌላ ሰው ስም ወጥቷል።

«ምሰሶ!» አለች። «ሸክሙ ለእኔ፣ ቤቱ ለሩፐርት!»

«ኧረ አትቆጪ! ከዚያች ገጽ በፊት ያለው በሙሉ ያንቺ ነው። ወጉን ታውቂው የለ? የስንብት ድርሰት አንዲት ቃሉ አይነካም።»

«አንዲት ቃል?»

«አንዲት ቃል። ለሩፐርትም ነግሬዋለሁ፤ አንቺ ካቆምሽበት ይቀጥላል።»

ገጿን ከእጁ መንጭቃ ለአራት ቀደደቻት። ከዚያም በካፒቴኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀረውን ድርሰት ጭኗ ላይ ዘረጋች። በመጨረሻው መስመር፣ «ካፒቴኑ ፋኖሱን አጥፍቶ ወጣ» ይል ነበር። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ሰረዘችው፤ ከሥሩም ሳታመነታ ጻፈች። ፈረመችበትና ዘረጋችለት።

ደንከን አነበበ፦ «ካፒቴኑ ፋኖሱን ከማንጠልጠያው ነቀለ። የመርከቧን በር ከፍቶም ማለቂያ ወደሌለው ጨለማ ወረወረው።»

ፈገግታው ከፊቱ ሲጠፋ ሞርዌና ካፖርቷን ለብሳ እየወጣች ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ ፋኖሱ የተንጠለጠለበትን ዝገታም ሜንጦ ያይ ጀመር።