የሠርጉ ካሴት

ታላቅ ወንድሙ ይርዳው ከሞተ ወር አልፎታል፤ እሱ ግን ቀብርም አልሄደ፣ ለቅሶም አልደረሰ። ሚስቱ «ኧረ ተው፣ ነገ ለአርባው እንኳ እንሂድ» ብትለው፣ «በሠርጉ ቀን እንዴት እንዳዋረደኝ መጀመሪያ ስሚ» አላት።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ ለይርዳው ሠርግ ድምፅ ማጉያውን የሠራው እሱ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተሩን ሲጠብቅ፣ ኢንጂነሩ ሙሽራ ማይክ ይዞ ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ፤ ዕድምተኛው አውካካ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ንግግሩን ዋጠበት። ግን እንደ እሱ ከስድስተኛ ክፍል ባቋረጠ ሰው በሌላ በምን ይሳቃል? ከዚያ ቀን ወዲህ ይርዳውን አናግሮት አያውቅም። የሠርጉን ካሴትም ስንት ጊዜ ቢያጫውተው በቤቱ ስፒከር ንግግሩ ታፍኖ ይቀርበታል።

ለዚሁ ብሎ ሰሞኑን በገዛ እጁ አዲስ የስፒከር ሳጥን ሠራ። ከታች ትልቁን፣ ከላይ ትንሿን፣ መካከል ላይ ደግሞ እንደ ግማሽ ብርቱካን ያበጠች፣ የሰው ድምፅ የምታጠራ ስፒከር ገጠመ። ሚስቱን ከፊት ለፊቱ አስቀምጦ ካሴቱን ከፈተ። የይርዳው ድምፅ አብሯቸው የተቀመጠ ያህል ጠርቶ ወጣ።

«ዲግሪው የእኔ፣ ጥበቡ ግን የእሱ ነው። እኔማ አምፖል ልቀይር ብል ሰፈሩ ይጨልማል። ያ ጄኔሬተሩ ጋ የቆመው ታናሼ ባይኖር ዛሬ ማን ይሰማኝ ነበር?»

ዕድምተኛው አውካካ።

«ወንድምዓለም፣ ና እንጂ አጠገቤ ቁም» አለ ይርዳው። ጥቂት ጠበቀ። «ወንድምዓለም?»

ከዚያ በኋላ ካሴቱ ላይ የሚሰማው ጄኔሬተሩ ብቻ ነበር።