ከአጥሩ ማዶ ያለው ሣር

ሙታሬ ከተማ ላይ ዝናቡ እንደጀመረ የተምች መንጋ የሴካይን የግቢ ሣር ግጦ ግጦ አጥሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷን የኔትሳይን ሣር ለምልሞ ስታይ ሴካይን ቅናት አንገበገባት።

«አንቺ፣ ምን መድኃኒት ረጭተሽበት ነው?»

«እኔ? ውኃ እንኳ አላጠጣሁትም!» ኔትሳይ ሳቀች። «አረሙም ራሱን በራሱ የሚነቅል መሰለኝ። ነይ ግቢና እዪው።»

ሴካይ ገብታ አየች። አረሙ ተነቅሎ፣ ሥሩ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ፣ ሦስት ሦስት እየሆነ ተደርድሯል። እንዲህ አድርጎ የሚያርም፣ እሷ የምታውቀው ሰው ባሏ ሙፋሮ ብቻ ነበር። ሙፋሮን ከቀበሩት ደግሞ አራት ወር አልፏል።

«በሕይወት እያለም እዚህ ይመጣ ነበር?»

«ማን?» አለች ኔትሳይ።

ሴካይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሟች ዕቃ ለዘመድ እስኪከፋፈል ድረስ አይነካምና፣ የሙፋሮን የአትክልት መሣሪያዎች አጥባ ዕቃ ቤት ከቆለፈችባቸው ወዲህ ቁልፉ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ዕቃ ቤቱን ከፈተች። የሚያርምበት ጎባጣ ማንኪያ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የያዘው አፈር ገና እርጥብ ነው፤ አንድ ለምለም የሣር ቅጠልም ተጣብቆበታል።

«የእኛንስ፣ ሙፋሮ?» አለች።