የዘቢባ አራት መዳቦች

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን መዳብን እንደ እኔ የሚያውቅ የለም፤ ካለም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ተማሪዬ ዘቢባ አራት የመዳብ አተሞችን በኦክስጅን አያይዛ ክሪስታል ልታበቅል ስትነሳ፣ ክሪስታሉ የሚበቅልበትን ብርጭቆ በየሩብ ሰዓቱ ማየት የእኔ ድርሻ ሆነ። ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ወደ መስኮቱ አነሳዋለሁ፣ ነቅነቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ደግሞ እነሳለሁ።

«ዶክተር፣ ክሪስታል ሲነካኩት አይበቅልም» አለችኝ። «ካልበቀለ ደግሞ አልመረቅም።»

«እኔን ሲያይ ነው የሚበቅለው» አልኳት።

አምስት ወር አልበቀለም። በስድስተኛው ከጅማ የክብር እንግዳ ሁን የሚል የጉባኤ ጥሪ ደረሰኝ። ስደርስ አዳራሹ ተቆልፏል፤ ጥበቃውም ስለ ጉባኤ የሰማው ነገር የለም። ቀን ተሳስተው ይሆናል ብዬ ሳምንት ሙሉ ጠበቅኳቸው።

ስመለስ ብርጭቆው ውስጥ ጡጫዬን የሚያህል፣ እሺ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሰማያዊ ክሪስታል ተቀምጧል።

«አሁን የቀረኝ የአራቱን መዳቦች መግነጢሳዊ ኃይል መለካት ነው» አለች ዘቢባ። «ሁለት ሳምንት ይፈጃል። መሣሪያውም መነካካት አይወድም።»

ከዚያ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ከጅግጅጋ የመጣ የክብር ጥሪ ነው። የፖስታው ሙጫ ገና አልደረቀም።