ባለ አንድ ወንበሩ

ሉቦር ምድር ቤት ወርዶ የብረት መላጊያውን ቶርኖ ሲያስነሳ ሚስቱ ድራሆሚራ ላይ ቤት ሬዲዮውን ታስጮኻለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት። የሞራቪያዋ መንደራቸው ከኦስትሪያ ድንበር ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ድንበሩ ዝግ ነው፤ እዚያ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራ ሰው ከተሰማበት አለቀለት።

ሉቦር የተጣሉ የትራክተር ፒስተኖች ያቀልጣል፣ አልሙኒየሙን ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፣ ከዚያ በቶርኖው እየላገ ልክ ያስይዘዋል። ግዙፍ ሰው ነው፤ የምድር ቤቱን በር የሚያልፈው በጎኑ ነው። የተዋወቁት ሞተር አልባ አውሮፕላን በሚበርበት ክለብ ነበር፤ እሷ ስትበር እሱ መሬት ላይ ሆኖ የመጎተቻውን ገመድ ይጠቀልል ነበር። በዚያ ክለብ ማንም ሳይመዘን አይሳፈርም፤ ኪሎውም በወንበሩ ጀርባ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ልጃቸው ያርሚላ ለጉብኝት ብላ ወጥታ ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ከተማ ስትቀር ክለቡ ሁለቱንም አባረራቸው።

አሁን ያርሚላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ድራሆሚራ የልጅ ልጇን የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነው። ፓስፖርት አራት ጊዜ ጠይቃ አራት ጊዜ ተከልክላለች።

አንድ ቀን የአውሮፕላኑን ንድፍ አየችው። ወንበሩ አንድ ነው።

«እኔስ?» አለችው።

«ሞተሩ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም።» ሉቦር ዓይኑን ከሥራው አላነሳም። «ሲያልቅ እንነጋገራለን።»

እንቅልፍ አጣች። እሱ ሕፃኗን ሊያቅፍ፣ እሷ ለፖሊስ መልስ ልትሰጥ! ለማን ይነገራል? ብትናገር ሁለቱም እስር ቤት፣ ዝም ብትል እሷ ብቻዋን። በገዛ ቤቷ ታሰረች።

ሉቦር ደግሞ ይባስ ብሎ ይነዘንዛት ጀመር። ከሊጥ የሚቀቀለውን ክኔድሊክ ሁለተኛ ስታነሳ ሳህኑን ይስብባታል። እሁድ እሁድ የድንች ሚዛን ላይ ያቆማታል።

«ሃምሳ ስድስት። ሁለት ኪሎ ትርፍ ነሽ።»

«አንተ በሬ፣ መጀመሪያ ራስህን ተመዘን» ትለዋለች።

ይስቃል። የወይን ለቀማ ሲደርስ ከብስጭት ብዛት ሃምሳ አራት ገባች፤ ደስ አለው።

በዚያው ሰሞን ሞተሩን ጎተራ ወስዶ እዚያ ከሠራው አውሮፕላን ጋር ገጠመው። አውሮፕላኑን በሸራ ሸፍኖ እንዳትገባ አስጠነቀቃት። ድራሆሚራ ግን እሱ ፋብሪካ በዋለበት ገባች። ሸራውን ከሞተሩ ላይ ብቻ ገለጥ አድርጋ የዘይቱን ክዳን ፈታች፤ ከቶርኖው ሥር የጠረገችውን አንድ እፍኝ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ጨመረችበት። መሬት ላይ ሲሞክረው ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፤ እሱም አይጎዳም፣ እኔም አልቀርም ብላ አሰበች። ክዳኑን መልሳ አጥብቃ ሸራውን አለበሰችው።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ወይን ለቀማ ሲወጣ ሉቦር ወደ ጎተራው ጠራት። ሞተሩን አስነስቶ ጠበቃት፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። እሱ የሥራ ልብሱን ለብሷል። ክንዱ ላይ የእሷን ወፍራም የሱፍ ሹራብ አንጠልጥሏል።

ድራሆሚራ ሹራቡን አየችው። አፏን ከመክፈቷ በፊት ሞተሩ አጓራ፣ ተንቋቋና ደርቆ ቆመ።

ሉቦር ማስነሻውን አጠፋ። ሦስት ዓመት የላገውን ነገር በመዳፉ ዳበሰው።

«ሳልነግርሽ የቆየሁት እምቢ እንዳትዪኝ ነበር» አለና ወንበሩን የሸፈነውን ሸራ ሳበው።

በወንበሩ ጀርባ፣ በቀይ ቀለም፣ «54» ተጽፏል።