የዓሊዪ አልቅቶች

የሌላው ባል ለሚስቱ ወርቅ ያሠራል፤ የእኔው በር ላይ ተቀምጦ አልቅት ይሠራል።

የጥቁር ግልገል ቆዳ ከነጠጉሩ በቀጭኑ ቆርጦ መንጠቆ ጀርባ ላይ ያስራል። ክሩን የሚወስደው ከእኔ የኮፍያ ጥልፍ ሳጥን ነው፤ ያውም ሳያስፈቅድ። መንጠቆውን አንቃ የምትይዝለት ትንሽ ሞርሳ የሹፌርነት ዘመኑ ቅርስ ናት። ያን ጊዜ ባሌ ተራሮች ድረስ የወሰዳቸው ፈረንጆች ናቸው ይህን አመል ያስያዙት። ትራውት የሚሉት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ አለ አሉ፤ ይህን ቆዳ እውነተኛ አልቅት መስሎት ይውጠዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዓሊዪንም ጨምሩበት።

«ሩቂ፣ እስቲ ተመልከቻት» ይለኛል፣ ከሞርሳው ሳይፈታት።

ከምጠልፈው ኮፍያ ላይ ቀና እላለሁ። ቆዳው ጠምሟል። እንዲህ የጠመመች አልቅት አትዋኝም፣ ውሃ ውስጥ እንደ እንዝርት ትሾራለች እንጂ። ይህን ያስተማረኝም ራሱ ነው።

«ማሻአላህ!» እላለሁ። «ደም መምጠጥ ብቻ ነው የቀራት።»

ይስቃል። ይህን ሳቁን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ሳቅ ስል ብዙ እዋሻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዓይኑን የወሰደው የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሎናል። እሱ ግን አምፖሉ ደከመ፣ በሩ ጠበበ እያለ ሰበብ ይደረድራል። ማጥመዱስ ዓይን አይፈልግም። ጓደኛው ጋሽ በቀለ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ በየዓመቱ በመኪናቸው ባሌ ይወስዱታል፤ እጁን ይዘው ወንዙ ዳር ያቆሙታል፤ ዓሣው ሲነካ ጣቱ ይሰማል። ጭንቁ ማሰሩ ላይ ነው። ዓሊዪ ሌላ ሰው ባሰረው አልቅት አያጠምድም። «በሰው እጅ ከማጠምድ ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ ሰርዲን ብገዛ ይሻለኛል» ነው የሚለው። ማሰር አቃተኝ ያለ ቀን ባሌ ይቀራል። ባሌ ከቀረ ደግሞ ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ ምን እየጠበቀ ከአልጋው ይነሣል?

ስለዚህ እሱ ከሶላት በፊት ለውዱእ ሊታጠብ ወደ ግቢው በወጣ ቁጥር እኔ ወደ ሞርሳው እሄዳለሁ። እፈታለሁ፣ ቆዳውን አቃናለሁ፣ እንደገና አስራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ኮፍያ የጠለፍኩ ሴት አልቅት ታቅተኛለች? አምና ከባሌ ሲመለስ ገና በሩን ሳያልፍ «የዘንድሮዎቹ አጃኢብ ናቸው! ብታዪያቸው!» አለኝ። እጅህ ይባረክ አልኩት፣ ሳቄን ውጬ።

ዛሬ የቀረችው ይህች ትልቋ ብቻ ናት። ጋሽ በቀለ ደውለው ከዙህር ሶላት በኋላ ሸዋ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው እንደሚመጡ ነግረውናል።

«ውዱእ ላድርግ» ብሎ ይነሣል ዓሊዪ። «ዘንድሮ ደግሞ ውዱኤ ረዘመ አይደል?»

«የሽማግሌ ነገር!» እላለሁ።

«ምን ይደረግ» ይልና ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣል።

ኮፍያውን ጥዬ እነሣለሁ። ሌላ ጊዜ ማሰሩን ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ ከሥሩ ስለሚበጥሰው፣ ጫፉን በመርፌ ፈልጌ አዲስ ክር መቀጠል አለብኝ። ዛሬ ግን ክሩ ስንዝር ያህል ተንጠልጥሏል። ረስቶት ነው እላለሁ፣ እርጅና ነው። እጄ ግን አይቆምም። ፈትቼ፣ ቆዳውን አቃንቼ፣ በዚያው በእሱ ክር መልሼ አስርና መጨረሻውን ኮፍያ በምዘጋበት ቋጠሮ እቋጥረዋለሁ። ሌላ ቋጠሮ አላውቅም።

መሞከር አለባት። ከሞርሳው ፈትቼ፣ ሳህን አቅርቤ፣ ከጎኔ ካለው ማንቆርቆሪያ ውሃ እቀዳለሁ። ቀድቼ ሳልጨርስ እጄ ይቆማል።

ማንቆርቆሪያው የእሱ ነው። የውዱእ ማንቆርቆሪያው። ጢም ብሎ ሞልቶ እዚሁ ተቀምጧል።

በበሩ አጮልቄ አያለሁ። ዓሊዪ ጀርባውን ሰጥቶኝ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ ክንዱ ግን ደረቅ ነው። ፀጉር ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ እጁ ራሱ ላይ ነው፤ የኮፍያውን ጠርዝ ይዳስሳል፣ እኔ የጠለፍኩለትን ኮፍያ፤ ቋጠሮው ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቱ መላልሶ ያሻል።

ያ ጣት አምናም አልቅቶቼን፣ ይህንኑ ቋጠሮ፣ ይዞ ነበር።

ዓይኔ እንባ ሞልቶ አልቅቷን በክሩ ይዤ ሳህኑ ውስጥ እጎትታታለሁ። ወገቧን እያወዛወዘች ትዋኛለች። እንደ እሱ ክሩን በጥርሴ እበጥሳለሁ።

«የሪድዋን አባት!» እጣራለሁ፣ በልጃችን ስም። «ውዱእህ አለቀ?»

ፊቱን አያዞርም። ትከሻው ግን በሳቅ ይነቀነቃል።

«አንቺ ከጨረስሽ አልቋል።»

ማንቆርቆሪያውን አንሥቼ ወደ ግቢው እወጣለሁ። ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ ቀስ ብዬ አፈስስለታለሁ።