የባሕር አየር በጭልጋ ማሳ

«አያ ሰውአገኝ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣትዎ ይድፈኑልኝ! እስክደርስ እንዳይለቁት!» ተመራማሪዋ ሙሚና በስልኩ ጮኸች። ሹፌሩ አንዱዓለም በአይከል መንገድ መኪናውን ያከንፈው ጀመር።

ጠዋት ከጎንደር የለቀቀችው ፊኛ ሰማይ ላይ ፈንድቶ፣ የተሸከመው ሳጥን በጃንጥላ ወርዶ ጭልጋ ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አርፏል። ውስጡ የተጠቀለለው ቀጭን ቱቦ ሲወርድ ከየከፍታው አየር እየሳበ ይሞላል። ክረምቱን ይዞ የሚመጣው ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ምን ጋዝ ተሸክሞ እዚህ እንደሚደርስ ማወቅ ነበር ሐሳቧ። ቱቦው መሬት ሲነካ ራሱን መዝጋት ነበረበት። ገበሬው አያ ሰውአገኝ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሲደውሉላት ግን ቀይ መብራት ይበራል አሏት። አልተዘጋም ማለት ነው። ሌላ ፊኛ ደግሞ የላትም።

«ምነው ልጄ፣ ምን አለበትና ነው?»

«አየር ነው አያ፤ ከባሕር የመጣ። ክፍት ከቆየ ከማሳው አየር ጋር ይደባለቅብኛል።»

«ይኸን ዝናብ የሚያመጣልን ነፋስ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«እንግዲያማ ይዣለሁ» አሉ። «በሬዎቹን ፍቷቸው!» ብለው ሲጣሩ ተሰማትና ስልኩ ተቋረጠ።

መንገድ ላይ ዝናቡ ያዛቸው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወርደው ገፉት። ሙሚና ተስፋዋ ተሟጠጠ። የእርሻ ቀን ነው፤ ለማያውቃት ሴት፣ ለዐይን ለማይታይ ነገር ብሎ ማን ሥራውን ፈትቶ በዝናብ ይመታል?

አያ ሰውአገኝን ከማሳው መሀል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለውበታል። ሚስታቸው ሐረገወይን የማዳበሪያ ጆንያ ከላያቸው ዘርግታ ቆማለች፤ እሷ ግን በስብሳለች።

«ከተቀመጠበት አልተነሣም» አለች። «ማስነጠስ እንኳ ፈርቶ ነው የቆየው።»

ሙሚና ጭቃው ላይ ተንበርክካ መድፈኛውን ከኪሷ አወጣች። «አሁን ይልቀቁት አያ።» ጣታቸው ከመነሣቱ ቀዳዳውን ደፈነችው።

«ተረፈልሽ?»

«ተርፎልኛል። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ...»

«ሸጋ» አሉ። እጃቸውን ሊዘረጉ ሞከሩ፤ አውራ ጣታቸው ግን እንደተቆለመመ በብርድ ደርቆ ቀርቷል።

ሙሚና ሳጥኑን ለአንዱዓለም ሰጠችው። ከዚያ እጃቸውን በሁለት እጆቿ ያዘችና፣ ዝናቡ እየወረደባት፣ እስኪሞቅ ታሸው ጀመር።